ጤነኛ እናት፣ የሚደማ ልጅ፦ ሄሞፊሊያ በማን በኩል ይመጣል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 29 ዓመቴ ነው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ሄሞፊሊያ (ደም በቀላሉ የማይረጋበት በሽታ) አለበት። በስምንተኛ ቀኑ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ ለጥቂት ነው የተረፈው። አሁንም ጉልበቱ እያበጠ ያስቸግረዋል። የእናቴ ወንድምም በልጅነቱ ደም ፈሶት እንደሞተ ይነገራል። እኔ ግን ምንም የለብኝም። የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ እሱም ተገርዞ ምንም አልሆነም። የባለቤቴ እናት ግን ‹ይሄ ነገር ከእናት ወገን ነው የሚመጣው› እያሉ የሚወለደውን ልጅ ከወዲሁ ፈርተውታል። እኔና ባለቤቴ ሰባት ቤት ተቆጥሮልን ነው የተጋባነው፤ ዝምድና የለንም። እሱም ጤነኛ ነው። ታዲያ ልጄን ሊይዘው ይችላል? ጥፋቱስ የኔ ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ጥፋት የለብሽም። እናትሽም የለባቸውም። አማትሽ የተናገሩት ነገር ግን ግማሹ እውነት ነው። በሽታው የሚሄደው በእናት በኩል ነው። መንገድ መሆንና ጥፋተኛ መሆን ግን ለየቅል ናቸው። ማንም ሰው የትኛውን ዘረመል ለልጁ እንደሚሰጥ አይመርጥም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ከገባሽ በኋላ ለአማትሽም ራስሽ ታስረጃቸዋለሽ።

በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች፣ ማለትም ዘረመል የተጻፈባቸው ክሮች፣ አሉ። 23ቱን ከእናታችን፣ 23ቱን ከአባታችን ነው የምንወስደው። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ፆታችንን የሚወስኑ ናቸው፤ ኤክስና ዋይ ይባላሉ። ሴት ሁለት ኤክስ አላት። ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። እናት ለልጇ የምትሰጠው ሁልጊዜ ኤክስ ነው፤ ሌላ የላትም። አባት ግን ኤክሱን ከሰጠ ሴት ትወለዳለች፣ ዋዩን ከሰጠ ወንድ ይወለዳል።

ይቺን አንድ ነገር ያዢልኝ፦ ወንድ ልጅ ኤክሱን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። ከአባቱ ኤክስ አይደርሰውም።

ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ብዙ ፕሮቲኖች አሉ። ሁለቱ፣ ማለትም ፋክተር 8 እና ፋክተር 9፣ የሚሠሩበት መመሪያ የተጻፈው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። የፋክተር 8 መመሪያ ሲበላሽ ሄሞፊሊያ ኤ ይባላል። የፋክተር 9 ሲበላሽ ደግሞ ሄሞፊሊያ ቢ። ኤው ይበዛል፤ ከ5,000 ወንድ ሕፃናት በአንዱ ላይ ገደማ ይታያል። ሴት አንዱ ኤክሷ ላይ ስህተት ቢኖር ሁለተኛው ይሸፍንላታል። ወንድ ግን መጠባበቂያ የለውም። ያለው አንድ ኤክስ ከተበላሸ በቃ፣ በሽታው ይወጣል። ወንድምሽ ታሞ አንቺ ጤነኛ የመሆንሽ ምስጢር ይሄ ነው።

«ባለቤቴ ጤነኛ ነው» ላልሽውም መልሱ እዚሁ ውስጥ አለ። ባለቤትሽ ለወንድ ልጁ የሚሰጠው ዋይ ነው። የፋክተር 8 መመሪያ ዋይ ላይ የለም። ስለዚህ የአባት ጤንነት ወንዱን ልጅ አያድነውም፣ አይጎዳውምም። ሴት ከወለድሽ ግን የሱ ጤነኛ ኤክስ ትልቅ ጋሻ ይሆናታል።

የሰባት ቤቱም ነገር እንደዚሁ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር ጠቃሚ ባህል ነው። አንዳንድ በሽታዎች የሚወጡት ያው የተበላሸ ዘረመል ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ነው። ዘመዳሞች ሲጋቡ ደግሞ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስህተት ይዘው የመገኘት ዕድላቸው ይጨምራል። ሄሞፊሊያ ግን ሁለት ሰው አይጠብቅም። አንዲት ተሸካሚ እናት፣ ማለትም አንዱ ኤክሷ የተበላሸባት፣ ትበቃለች። ባልየው ከሌላ አገር ቢመጣ እንኳ ለወንዱ ልጅ ለውጥ የለውም።

እዚህ ላይ በሥራዬ ሁልጊዜ የሚያጋጥመኝን ልንገርሽ። እኛ ስማችንን የምንጠራው በአባት ነው። ልጅ፣ አባት፣ አያት እያልን ወደ ላይ ስንቆጥር በመሃል አንዲት ሴት አትነሳም። ይህ ዘረመል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጓዘው ስማቸው በማይቆጠረው ሴቶች በኩል ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ሲጠየቅ «በዘራችን የለም» ይላል። የሚለው ከልቡ ነው። የቆጠረው የአባቱን ወገን ነዋ።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ጉልበቱ ያበጠ ልጅ አዝላ መጣች። እናቷም አብረዋት ነበሩ። ወረቀትና እርሳስ አውጥቼ የቤተሰቡን ዛፍ መሳል ጀመርኩ። ሴት ክብ፣ ወንድ አራት ማዕዘን። «በቤተሰቡ ደም የሚፈሰው ሰው ነበር?» ስል ሁለቱም «የለም» አሉኝ። ከዚያ አያትየውን «እማማ፣ የእርስዎ እናት ስንት ወለዱ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አሥር ወልዳ ስድስት አሳደገች» አሉኝ። «የሞቱት ወንድ ናቸው ሴት?» ዝም አሉ። ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ጥቂት አሰቡና «ሁለቱ ወንዶች በግርዛት ነው የሄዱት» አሉ። ልጅየዋ ዞራ እናቷን አየቻቸው። ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። በወረቀቱ ላይ ሁለት አራት ማዕዘን ጨምሬ አጠቆርኳቸው። የቤቱ ታሪክ ያን ጊዜ ተገለጠ።

ያንቺም ቤት ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ወንድማቸውም ልጃቸውም የሚደሙ ከሆነ እናትሽ ተሸካሚ ናቸው ብለን ነው የምንይዘው። ተሸካሚ እናት ካሏት ሁለት ኤክሶች አንዱ ጤነኛ፣ አንዱ የተበላሸ ነው። በእያንዳንዱ እርግዝና ከሁለቱ አንዱ ይደርሳል። ልክ እንደ ዘውድና ጎፈር ነው። ወንድምሽ የተበላሸው ደረሰው። አንቺ ስትወለጂ የተበላሸው የደረሰሽ የመሆኑ ዕድል 50 በመቶ ነበር።

«ነበር» ያልኩት አውቄ ነው። ጤነኛ ልጅሽ ይህን ቁጥር ይቀይረዋል። እንዴት? እንዳንቺ ያሉ አራት እህትማማቾች እንበል። በአማካይ ሁለቱ ተሸካሚ ናቸው፣ ሁለቱ አይደሉም። አራቱም አንዳንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። ተሸካሚ ካልሆኑት የተወለዱት ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ከሁለቱ ተሸካሚዎች አንዷ የታመመ፣ አንዷ ጤነኛ ትወልዳለች። እንግዲህ ጤነኛ ወንድ ልጅ ያቀፉት ሦስት ሆኑ። ከሦስቱ ተሸካሚዋ አንዷ ናት። አንቺም ከነዚህ ሦስት አንዷ ነሽ። ስለዚህ ተሸካሚ የመሆን ዕድልሽ ከግማሽ ወደ ሲሶ ወርዷል።

በሆድሽ ያለው ወንድ ከሆነ፣ ሄሞፊሊያ የመያዝ ዕድሉ የሲሶው ግማሽ ነው። ከስድስት አንድ ማለት ነው። ሴት ከሆነች እሷም ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ከስድስት አንድ ነው። ከስድስት አምስቱ መልካም ነው። ግን ከስድስት አንድ እንደ ዋዛ የሚታለፍም አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ። ይህ ስሌት የሚሠራው የ4 ዓመቱ ልጅሽ በእርግጥ ጤነኛ ከሆነ ነው። ሄሞፊሊያ ያለበት ሕፃን ሁሉ ሲገረዝ አይደማም። ደግነቱ የበሽታው ክብደት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ብዙም አይለያይም። የወንድምሽ ደግሞ ከባዱ ዓይነት ይመስላል። ያ ዓይነት ከሆነ ልጁ መዳህና መራመድ ሲጀምር ነው ራሱን የሚያሳየው፤ ደረቱና እግሩ ላይ ይበልዛል፣ መገጣጠሚያው ያብጣል። 4 ዓመት ሙሉ ሮጦና ወድቆ ምንም ካልሆነ ደስ የሚል ምልክት ነው። ቢሆንም አንዴ ደሙን አስመርምሪለት።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። «ሁለቱ ልጆቼ ታመው ነበር፣ ሦስተኛው እንኳ ይተርፋል» ይባላል። ወይም በተቃራኒው «አንዱ ስለዳነ ተራው የሌላው ነው»። ክሮሞዞም ተራ አይጠብቅም። ተሸካሚ መሆኗ የታወቀ እናት በያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው።

ወንድምሽስ? እሱ ልጅ ሲወልድ ነገሩ በጣም ግልጽ ነው። ወንዶች ልጆቹ በሙሉ ነፃ ናቸው፤ ለነሱ የሚሰጠው ዋዩን ነው። ሴቶች ልጆቹ ግን በሙሉ ተሸካሚ ናቸው፤ ያለችውን አንዷን ኤክስ ነው የሚሰጣቸው። ሄሞፊሊያ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ አያልፍም። ከታመመ አያት በጤነኛ ሴት ልጁ በኩል አልፎ የልጅ ልጅ ላይ ብቅ ይላል። ሰዎች «አንድ ትውልድ ዘለለ» የሚሉት ይህን ነው። አልዘለለም፤ በዝምታ ነው ያለፈው።

ይህ የእናቶች መንገድ ጥንት ሰዎች ዓይናቸውን ከፍተው ያዩት ነገር ነው። ከ1,500 ዓመት በፊት በተጠናቀረው የአይሁድ ታልሙድ ውስጥ ስለ አራት እህትማማቾች የተጻፈ አለ። የመጀመሪያዋ ልጇን አስገረዘች፣ ሞተ። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንደዚሁ። አራተኛዋ ወደ ሊቁ ስትመጣ «አታስገርዢው» ተባለች። ልብ በይ፤ የእሷ ልጅ ገና ምንም አልሆነም ነበር። የተፈረደለት በእናቱ እህቶች ልጆች ምክንያት ነው። ስለ ክሮሞዞም ማንም ባላወቀበት ዘመን!

አንዳንዴ ደግሞ ዛፉን እስከ ላይ ብንስለውም ምንም አናገኝም። ከታማሚዎቹ ሲሶ ገደማ የሚሆኑት በቤተሰባቸው ታሪክ የላቸውም። ስህተቱ በልጁ ወይም በእናቱ ላይ እንደ አዲስ የተፈጠረ ነው። የታወቀው ምሳሌ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። ከሷ በፊት በቤተሰቧ የሚታወቅ ሰው አልነበረም። ልጇ ሊዮፖልድ እ.ኤ.አ. በ1853 ከበሽታው ጋር ተወለደ፤ በ30 ዓመቱ ወድቆ በፈሰሰው ደም ሞተ። ሴቶች ልጆቿ አሊስና ቢያትሪስ ተሸካሚዎች ነበሩ፤ ዘረመሉ በእነሱና በሴቶች ልጆቻቸው ጋብቻ ወደ ሌሎች ቤተ መንግሥቶች ተሻገረ። የአሊስ ልጅ የሩሲያው ንጉሥ ሚስት ሆነች፤ በ1904 የተወለደው አልጋ ወራሽ አሌክሲ ታማሚ ነበር። በ2009 የቤተሰቡ አጽም ሲመረመር የነበረባቸው ሄሞፊሊያ ቢ እንደሆነ ታወቀ። የንጉሥ ቤትም ሆነ የገበሬ ቤት፣ መንገዱ አንድ ነው።

አሁን ስለ ራስሽ። ተሸካሚ ሴት ሁልጊዜ ምንም አይሰማትም ማለት ልክ አይደለም። በሴት ሴሎች ውስጥ ከሁለቱ ኤክሶች አንዱ ገና በፅንስነት ጊዜ ይተኛል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1961 ያስረዳችው እንግሊዛዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ላየን ናት። በአንዱ ሴል የእናት ኤክስ ይተኛል፣ በሌላው የአባት። አጋጣሚ ሆኖ ጤነኛው ኤክስ በብዛት ከተኛ የሴትየዋም ፋክተር ይወርዳል። ስለዚህ ልጠይቅሽ፦ የወር አበባሽ በጣም ይበዛል? ጥርስ ስትነቀይ ደሙ ቶሎ አልቆም ብሎሽ ያውቃል? የመጀመሪያ ልጅሽን ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሶሽ ነበር? ሴቶቻችን «የኛ ቤት ሴቶች ወር አበባቸው ከባድ ነው» ብለው ችለውት ይኖራሉ። አይገባም።

የፋክተር መጠንሽን ማስለካት አለብሽ። ግን ሁለት ነገር እወቂ። በእርግዝና ጊዜ ፋክተር 8 በተፈጥሮው ይጨምራል። ስለዚህ አሁን ተለክቶ ደህና ቢሆን ከወሊድ በኋላም ደህና ነው ማለት አይደለም። ከወለድሽ በኋላ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ከቀናት በኋላ ደም ሊበዛ ይችላል። ፋክተር 9 ግን እምብዛም አይጨምርም። ሁለተኛ፣ መጠኑ ጤነኛ መሆኑ «ተሸካሚ አይደለሽም» አያሰኝም። ያንን የሚለየው የዘረመል ምርመራ ነው። እሱም የሚቀለው መጀመሪያ የወንድምሽ ስህተት የት ቦታ እንደሆነ ሲታወቅ ነው። በውጭ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ይህ ምርመራ እዚያ ለማግኘት ይቀላልና የእርግዝና ክትትል ስትጀምሩ የቤተሰቡን ታሪክ በግልጽ ተናገሩ።

አምስት ወር ስለሆነሽ አልትራሳውንድ ፆታውን ያሳያል። እኔ ይህን የምፈልገው ለዝግጅት ነው። ወንድ ከሆነ የምትወልጂበትን ቦታ ከአሁኑ ምረጪ፤ ደምና የደም ባለሙያ በቅርብ ያለበት ሆስፒታል ይሁን። ያንቺ ታሪክ ካርድሽ ላይ በትልቁ ይጻፍ። አዋላጇም ሐኪሙም ልጁን በቫኪዩም ወይም በመሣሪያ ከመጎተት እንዲቆጠቡ ማወቅ አለባቸው፤ የጭንቅላት ውስጥ መድማት ያመጣል። ይህ ማለት ግን የግድ በኦፕራሲዮን ውለጂ ማለት አይደለም። የቫይታሚን ኬ መርፌም ቢሆን ከመወጋቱ በፊት እንዴት እንደሚሰጥ ይወሰን።

ልጁ እንደተወለደ ከእትብቱ ደም ይወሰድና ፋክተሩ ይለካል። እግሩን ሳንወጋ መልስ እናገኛለን። ፋክተር 8 ከሆነ ውጤቱ ያኔውኑ ይታመናል። ፋክተር 9 በሕፃናት ሁሉ ዝቅ ስለሚል ቀለል ያለውን ዓይነት ለመለየት በ6 ወሩ ገደማ መድገም ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ይህን ነው፦ ውጤቱ ሳይታወቅ ልጁ እንዳይገረዝ። ስምንተኛ ቀን የቆየ ልማድ ነው፤ አያቶች ቀኑ አለፈ ብለው ይጨነቃሉ። አማትሽን ቁጭ አድርገሽ ንገሪያቸው። ክርስትናው በ40 ቀኑ ይነሳል፤ ጠበል ደም አያፈስም። ግርዛቱ ግን ይቆየዋል። ሙስሊም ቤተሰቦችም ለምትጠይቁኝ መልሴ ያው ነው። ልጁ ሄሞፊሊያ ቢኖርበትም በኋላ በሆስፒታል፣ ፋክተር ተሰጥቶት መገረዝ ይችላል። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ግን ለማንኛውም ልጅ አያስፈልግም፤ ለሚደማ ልጅ ደግሞ ሞት ነው።

ወንድምሽንም አንድ ነገር ልከልክለው። ጉልበቱ ሲያብጥ ወጌሻ ጋ ሄዶ አያሳሽ። እብጠቱ ወለምታ አይደለም፤ መገጣጠሚያው ውስጥ የፈሰሰ ደም ነው። ሲታሽ ይብስበታል። በዚህ ምክንያት ጉልበታቸው ቆልፎ የቀሩ ወጣቶች አይቻለሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። እረፍት፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ፣ ከዚያ ቶሎ ፋክተር ወደሚገኝበት መሄድ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደም ያቀጥናሉና አይንካቸው። ጡንቻ ላይ መርፌም አይወጋ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደም ሕክምና ክፍል አለ። ዛሬ ፋክተሩን በደም ሥር ከመተካት ሌላ፣ ለሄሞፊሊያ ኤ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ኤሚሲዙማብ የሚባል መድኃኒትም መጥቷል። በመደበኛነት የሚወስዱት ልጆች መድማታቸው በእጅጉ ቀንሷል። የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን መድኃኒት መግዛት ለሚከብዳቸው አገሮች በእርዳታ ይሰጣል፤ ስለዚህ ወንድምሽ መዝገብ ላይ መስፈሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

በዚሁ መንገድ የሚሄዱ ሌሎችም አሉ። ቀይና አረንጓዴ አለመለየት ብዙውን ጊዜ ወንድ ላይ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ጂ6ፒዲ የሚባለው የኢንዛይም እጥረትም እንደዚያው ነው። እሱ ያለበት ልጅ ባቄላ በልቶ ወይም ለወባ ፕሪማኪን ወስዶ ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ፤ ሽንቱ እንደ ኮካ ይጠቁራል። ጡንቻ እያሟሸሸ የሚሄደው ዱሼንም በኤክስ ላይ ነው። ዛፉን የመሳል ዘዴው ለሁሉም አንድ ነው።

አሁን የቤት ሥራ ልስጥሽ። እናትሽ ጋ ሂጂና አንድ ወረቀት ይዘሽ ተቀመጪ። በአባትሽ ሳይሆን በእናትሽ ጀምሪ። እህቶቻቸውን፣ የእህቶቻቸውን ልጆች፣ የአያትሽን እህቶች በስም ጻፊ። በልጅነታቸው የሞቱትንም አትዝለይ፤ በምን እንደሞቱ ጠይቂ። ለእናትሽ ከባድ ሊሆንባቸው ይችላልና ቡና አፍልተሽ፣ ጊዜ ሰጥተሽ ጠይቂያቸው። ያገባች የአክስትሽ ልጅ ካለች ይሄ ወረቀት የሷም ነው። ወንድምሽ ሴት ልጅ ከወለደ ደግሞ፣ ለወር አበባ ከመድረሷ በፊት ፋክተሯ ይለካ። ወረቀቱን በሚቀጥለው ክትትልሽ ይዘሽ ነይ፣ ካርድሽ ውስጥ እናያይዘዋለን።